የጨፌ ዝይንና ጫጩቶቿን በጸደይ ፎቶ ስለ ማንሣት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የበልግ ዝናብ በሰሜን ሸዋ ደጋ መውረድ ከጀመረ ወዲህ ለዚህ አምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኛዎቹ ስለ ዱር ዝይና ስለ ጫጩቶቿ ፎቶ አነሣሥ የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ሳንጠቅስ እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። ያገለገለ ካሜራ ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ከሚዘረጋ ሌንስ ጋር ከገዛሁ ስድስት ወር ሆነኝ። በበሬሳ ወንዝ ዳር ባለ መስክ ላይ ሁለት ዝይዎች አምስት ጫጩቶች አስከትለው ሲግጡ አይቼ አራት ቀን ተመላለስኩ፤ ይሁን እንጂ ካሜራዬ ውስጥ የቀረው ሁሉ ከበስተኋላ የተነሣ፣ ወደ ውኃው የሚሸሹ ዝይዎች ምስል ነው። ሌንሱ አንሶኝ ይሆን? ባለ 600 ሚሊ ሜትር መግዛት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሌንስዎ ይበቃልና ገንዘብዎን ይያዙ። እንደ ብዙዎቹ ያገለገሉ ካሜራዎች የእርስዎም አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ከሆነ፣ ሌንሱን እስከ 300 ዘርግተው 30 ሜትር ርቀት ላይ ሲያነጣጥሩ በምስሉ ውስጥ የሚገባው ቦታ ስፋቱ ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሁለት ወላጆችና አምስት ጫጩቶች ተጠጋግተው ሲግጡ የሚይዙት ቦታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ ቤተሰቡ ከእርስዎ 30 ሜትር ያህል ርቆ፣ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ፣ ልቡ ሳይሰጋ ቢግጥ የሚመኙት ምስል አሁን በእጅዎ ባለው መሣሪያ ይነሣል። መፍትሔ የሚያሻው ነገር ዝይዎቹ በዚያ ርቀት ላይ ሳይሰጉ እንዲግጡ ማድረጉ ነው።

በአራቱ ቀናት የሆነውን ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት፣ ዝይዎቹን ከሩቅ አይተው ወደ እነርሱ ሄደዋል። ጫጩት የያዘች ዝይ ደግሞ ወደ እርሷ በቀጥታ የሚመጣን ፍጡር ሁሉ እንደ አዳኝ ትቆጥረዋለች። በመጀመሪያ የምትሰጠው ምልክት አንገቷ ነው፤ ስትግጥ ጎንበስ ያለው አንገት በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቷም ወደ አንድ ወገን ዘወር ይላል፣ በአንድ ዓይኗ ትመለከትዎታለች። ቀጥሎ ጫጩቶቹ ተበታትነው ከሚግጡበት ተሰብስበው በሁለቱ ወላጆች መካከል ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ ጉዞ ይጀመራል። ብዙ ጀማሪ ሩጫውን ሲያይ ብቻ እንዳስደነገጣቸው ይገነዘባል፤ ነገሩ ግን የተበላሸው አንገት በቀናበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ አንዱ አንገት ሲቀና ባሉበት ይቁሙ፤ ዝይዋ ተመልሳ ሣር እስክትነጭ ድረስ አንድ እርምጃ አይጨምሩ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየች ደግሞ እርስዎ ወደኋላ ይመለሱ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እነርሱ ከመምጣታቸው በፊት ቦታ ይዞ መጠበቅ ነው። የዝይ ቤተሰብ ልማድ አለው፤ የሚያድርበት ውኃ፣ የሚግጥበት ለጋ ሣር፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት መንገድ ከቀን ወደ ቀን ብዙ አይለወጥም። አንዱን ጠዋት ካሜራዎን ከቦርሳ ሳያወጡ፣ ከ150 ሜትር ያላነሰ ርቀው፣ በማስታወሻ ደብተር ላይ ብቻ እየመዘገቡ ያሳልፉት። በስንት ሰዓት ከውኃ ወጡ? በየትኛው ጥግ ጀመሩ? ፀሐይ ስትሞቅ ወዴት ተመለሱ? በማግስቱ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ድንግዝግዝ ሳለ፣ ከሚያልፉበት መንገድ 30 ሜትር ገለል ብለው ይተኙና ይጠብቁ። ፀሐይ ከጀርባዎ እንድትወጣ ምሥራቁን ከኋላዎ ያድርጉ።

ልብስዎን በተመለከተ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ መስክ ላይ መተኛት ከሩቅ መታወቅ ነው። የመንዝ በርኖስ ወይም አሮጌ ዝተት ከሁሉ ይሻላል፤ ቀለሙ ከአፈርና ከደረቅ ሣር ጋር ይመሳሰላል፣ የደብረ ብርሃንንም የንጋት ብርድ ይከላከላል። ከታች ላስቲክ ያንጥፉ፤ የበልግ ጨፌ ውኃ ያዘለ ነውና። ለካሜራው ማሳረፊያ ገብስ ወይም ሽንብራ ግማሽ ድረስ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይያዙ። ሌንሱን ከረጢቱ ላይ ሲያሳርፉት በክብደቱ ሰርጎ ይቀመጣል፣ ካሜራውም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል። ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ይህን ዝቅታ እምብዛም አይሰጥም። የዝቅታው ጥቅም ብዙ ነው፤ የጫጩቷ ዓይን ከመሬት ከፍታው ከአንድ ስንዝር ያነሰ ስለሆነ፣ ቆሞ የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው ከላይ የታየ ጀርባና አረንጓዴ ሣር ብቻ ሲሆን፣ ተኝቶ የሚያነሣው ግን ዓይን ለዓይን ይገናኛል፣ ከጫጩቷ በስተኋላ ያለው መስክም ርቆ ስለሚሄድ ለስልሶ ይደበዝዛል።

መኪና ያለው ወዳጅ ካለዎት ሌላ መንገድ አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት እርጥብ መስኮች ዝይ አያጡም፤ ዝይዎቹ መኪና ሲቆም ብዙ ጊዜ ቀና ብለው አይተው ወደ ግጦሻቸው ይመለሳሉ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ከረጢቱን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ሳይወርዱ ያንሡ። በር የተከፈተ ዕለት ግን ያ ሁሉ ዕርጋታ ያበቃል።

ስለ ብርሃን ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። እኛ ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ነንና ፀሐይ ከወጣች በኋላ ፈጥና ትወጣለች፤ እንዲያውም በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ ገደማ በቀትር በደብረ ብርሃን ሰማይ አናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጥሩው የጠዋት ብርሃን ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ እስከ 3 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የወላጆቹ ደረት በጥላ ይሸፈናል፣ የሞቀው መሬትም አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው ሩቅ ያለ ነገር ሁሉ፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ጥራቱን ያጣል። ብዙ ሰው ይህን የፎከስ ስሕተት እየመሰለው ካሜራውን ይወቅሳል።

የካሜራውን ማስተካከያ በአጭሩ ልንገርዎ። ጫጩት ስትሄድ እርምጃዋ አጭርና ፈጣን ስለሆነ የሹተር (ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው የካሜራው መዝጊያ) ፍጥነቱን በሰከንድ 1/1000 ያድርጉት፤ ሲያርፉ 1/250 ይበቃል። አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚጠብ) ኤፍ 8 ቢሆን መልካም ነው፤ 15 ሜትር ላይ ያሉ ጫጩቶችን በ300 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 5.6 ሲያነሡ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከፊት ያለችው ጠርታ ከኋላ ያለችው ትደበዝዛለች። በማለዳ ይህን ለማሟላት አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) እስከ 1600 ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፤ አይፍሩት። ካሜራው ድምፅ የማያሰማ ሹተር ካለው ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር ነው፤ አሁን የምኖረው በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው። እዚህ በየዓመቱ በሜይ ወር በሐይቁ ዳር ባሉ መናፈሻዎች ቢጫ ጫጩቶቻቸውን ያስከተሉ ዝይዎችን በቅርብ አነሣለሁ። ዘንድሮ ለፋሲካ አገሬ ስመጣ የእኛንም ዝይ ማንሣት እፈልጋለሁ። አነሣሡ አንድ ነው?

መልስ፦ እንኳን ወደ አገርዎ በሰላም ያምጣዎ። አንድ አይደለም፤ ዝይዋም ጸደዩም ይለያያሉ።

በመጀመሪያ ስለ ጸደይ። በትምህርት ቤት መስከረም ሲጠባ ያለውን የአበባ ወቅት ጸደይ እያልን ስላደግን ብዙ ሰው ይምታታበታል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጥልበት የዘር ጊዜ ነው። እኔ ይህን አጠራር የምመርጠው ከወፎቹ ኑሮ ጋር ስለሚስማማ ነው፤ በደጋችን የምትኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ በብዛት ከመጋቢት ጀምሮ ጎጆ ትሠራለች፣ ዝናቡም ለጋ ሣር ያበቅልላታል። በካናዳ በረዶው ቀልጦ ሣር ሲያቆጠቁጥ ዝይዎቹ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚፈለፍሉ፣ እርስዎ በሜይ መናፈሻ ውስጥ ሲገቡ ጫጩት በያለበት ያገኛሉ። በእኛ ደጋ ግን የመራቢያው ጊዜ እስከ ክረምት የተዘረጋ በመሆኑ አንዷ እንቁላል ላይ ሳለች ሌላዋ ያደጉ ጫጩቶች ትመራለች። ስለዚህ በፋሲካ ሰሞን ጫጩት ማግኘትዎ ዕድልና ፍለጋ ይጠይቃል፤ ከቻሉ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይቆዩ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ብዙዎቹ ተሰብስበው በመንጋ ስለሚውሉና ወደ ዝቅተኛ መስኮች ስለሚወርዱ የቤተሰብ ፎቶ ይቸግራል።

በሁለተኛ ደረጃ ስለ ዝይዋ። በሰሜን ሸዋ ጨፌዎች በብዛት የሚያዩዋቸው ሁለት ናቸው። አንደኛዋ የግብፅ ዝይ ናት፤ እግሯ ረዘም ያለና ሮዝ፣ በዓይኗ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት፣ በደረቷ ላይ ቡናማ ነጥብ ያላት፣ በአፍሪካ በብዙ ቦታ የምትገኝ ናት። ሁለተኛዋ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናት። ጀርመናዊው ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ይህች ዝይ በዱር የምትገኘው በኢትዮጵያ ደጋ፣ ከ1,800 ሜትር ገደማ በላይ ባለው ምድር ብቻ ነው። አካሏ አመድማ ቡናማ፣ አጭር ምንቃሯና እግሯ ጥቁር፣ ላባዋ ለብርዱ የሚሆን ወፍራም ነው። ስሟን ያገኘችበት ሰማያዊ የክንፏ ክፍል ስታርፍ ስለሚሸፈን አብዛኛው ሰው አጠገቧ አልፎ ሳያየው ይቀራል። ስትበር፣ ከእንቅልፍ ተነሥታ ክንፏን ስትዘረጋ፣ ወይም አባትየው ባላንጣ ሲያይ አንገቱን ወደ ጀርባው ቆልምሞ ሲንጎራደድ ይገለጣል። ስታርፍም ሆነ ስትራመድ አንገቷን ወደኋላ ቆልምማ ጭንቅላቷን በጀርባዋ ላይ ማሳረፏ ከሩቅ ለመለየት ይረዳል። የሁለቱም ዓይነቶች ጫጩቶች ከላይ ጠቆር፣ ከታች ነጣ ያሉ በመሆናቸው ቢጫ ጫጩት አይጠብቁ፤ የማን እንደሆኑም በወላጆቻቸው ይለዩዋቸው።

ከቶሮንቶ ልምድዎ አንዱን ነገር ግን እዚያው ይተዉት። የመናፈሻ ዝይ ሰውን ለምዳ እግርዎ ሥር ትግጣለች፣ ስትቆጣም እየተነፈሰች ታባርርዎታለች። የእኛዋ ከእረኛና ከከብት ጋር ስለምትውል፣ የአካባቢው ሕዝብም በሃይማኖቱ የዝይ ሥጋ ስለማይበላ፣ ከሌሎች የዱር ዝይዎች ይልቅ ለሰው ገራም ናት። ይህ ገራምነቷ ግን ወሰን አለው፤ በጎች እየነዳ በመስኩ ዳር የሚያልፈውን እረኛ ቀና ብላ ሳታይ ታሳልፈውና፣ እርስዎ በቀጥታ ዓይን ዓይኗን እያዩ ሲሄዱ ትነሣለች። እንደ እረኛው ቀስ ብለው፣ በሰያፍ፣ ሌላ ነገር የሚፈልጉ መስለው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ተማሪ ነኝ። ከጓሳ አቅራቢያ በረግረጉ ዳር በሣር ጉቶዎች መካከል እንቁላል ያለበት የዝይ ጎጆ አግኝቻለሁ። ሣሩ ስለሚጋርደው ጥቂቱን ቆርጬ፣ ካሜራዬን በአጠገቡ ተክዬ ሲፈለፈሉ ማንሣት እችላለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሣሩን አትንኪው። ወደ ጎጆውም ዳግመኛ አትሂጂ።

ይህን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ እንዳንቺ ጉጉት ብቻ ይዤ ስሄድ፣ ከጣርማ በር ወዲህ ባለ አንድ ጨፌ ጎጆ አግኝቼ ነበር። ሣሩን በእጄ ገለጥ አደረግሁት፤ ቆርጬው እንኳ አልነበረም። እናቲቱ ተነሥታ ወደ ውኃው ሄደች። አምስት እንቁላሎች ነበሩ፤ አሥር ያህል ፎቶ አንሥቼ፣ እርሷ ተመልሳ ስትገባ ደግሞ ለማንሣት ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጉም ወረደ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘ፣ እኔም እዚያው ስለነበርኩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትመለስ ቀረች። በማግስቱ ስሄድ ሣሩ እንደገለጥኩት ተከፍቶ ነበር፣ ከእንቁላሎቹም የተሰበረ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሁለት ቁራዎች ከድንጋዩ ላይ ሆነው ይመለከቱኝ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ሠርተዋል። እንቁላል በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ በዝናብ፣ ያለ ታቃፊ ከቆየ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። የተገለጠው ሣር ጎጆውን ለቁራና ለጭልፊት ዓይን ክፍት ያደርገዋል። ሰው የረገጠው ሣር ደግሞ እንደ መንገድ ስለሚታይ ውሻም ከብትም ይከተለዋል። አንቺ ጎጆውን ለማየት አንድ ጊዜ ስትሄጂ ያበጀሽው ፈለግ አሁንም እዚያው አለ፤ ስለዚህ ሌላ ፈለግ እንዳይጨመርበት ቦታውን ለጓደኞችሽም አትንገሪ፣ የጎጆውን ፎቶም ከቦታው ስም ጋር ስልክ ላይ አትልቀቂ።

የዝይ ጫጩት የሚያምረውም ጎጆ ውስጥ አይደለም። ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ከ4 እስከ 7 እንቁላል ጥላ አንድ ወር ከጥቂት ቀናት ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ላባቸው ደርቆ፣ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ጎጆውን ለቅቀው እናታቸውን ተከትለው ይወጣሉ፤ ራሳቸውም ሣር ይነጫሉ። እንደ ርግብ ጫጩት ተቀምጠው የሚጎረሱ አይደሉም። ስለዚህ እንቁላሎቹን ያየሽበትን ቀን መዝግበሽ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀምሮ ሩቅ ካለ ጉብታ ላይ ሆነሽ የረግረጉን ዳርቻ በየጠዋቱ ቃኚ። ቤተሰቡ ወጥቶ ስታዪው ከላይ ለመምህሩ የነገርኳቸውን ሁሉ አድርጊ። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን ራቅ ብለሽ እለፊው፤ ጫጩት በዚያ ዕድሜዋ ገላዋን ራሷ ማሞቅ ስለማትችል በየጊዜው ከእናቷ ክንፍ ሥር መግባት አለባት፣ እናቲቱ አንቺን ስትጠብቅ ቆማ ከዋለች ጫጩቶቹ በብርድ ይጎዳሉ። በዝናብና በጉም ቀንም አትሂጂ። ይህ ደግሞ ለአዋቂዎቹም ይሠራል፤ አብዛኞቹ ዝይዎች ጫጩት በሚያሳድጉበት ወቅት ገደማ የክንፋቸውን ላባ በአንድ ጊዜ ስለሚጥሉ ለጥቂት ሳምንታት መብረር አይችሉም። የማትበር ዝይ ብታገኚ ሕመም መስሎሽ ወይም ለፎቶ ስትይ አታባርሪያት።

ጥያቄ፦ ያነሣኋቸው ጫጩቶች ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ መስለው ይወጣሉ፤ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጫጩቶቹ ውኃ ላይ ሳሉ ያነሡ ይመስለኛል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ ሰማይ የሚያንጸባርቅ ውኃ ምስሉን ሲሞላው ያጨልመዋል፣ ጠቆር ያለችው ጫጩትም ጨርሳ ትጠፋለች። በኤክስፖዠር (የምስሉ ብርሃን መጠን) ማስተካከያው አንድ ደረጃ ያህል ይጨምሩ፤ ውኃው ቢነጣ አያስጨንቅ። ሣር ላይ ሲሆኑ ግን መጨመር አያስፈልግም። ፎከሱን ከጫጩቷ ዓይን ላይ ያድርጉ፤ ዓይኗ ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ እስክትታይ ድረስ ጭንቅላቷን እስክታዞር ይጠብቁ፣ ያቺ ነጥብ ከሌለች ጠቆር ያለ ፊት ሕይወት አይኖረውም። ደመናማ ቀንም አይናቁ፤ ስስ ደመና የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ስለሚያለሰልስ ለእነዚህ ጫጩቶች ከብሩህ ፀሐይ ይበልጥ ይስማማል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጫጫ ነው። ልጄ ከመስክ ብቻዋን የቀረች የዝይ ጫጩት አግኝቶ ወደ ቤት አምጥቷታል። እስክታድግ በየቀኑ ፎቶ እያነሣ ሊያሳድጋት ይፈልጋል። ዳቦና ወተት እየሰጠናት ነው።

መልስ፦ ወይዘሮ፣ የልጅዎ ርኅራኄ የሚመሰገን ነው፤ ጫጩቷ ግን ዛሬውኑ ወደ ተገኘችበት ቦታ መመለስ አለባት። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ ግራጫ ዝይዎችን አጥንቶ እንዳሳየው፣ የዝይ ጫጩት ከተፈለፈለች በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት በቅርቧ የሚንቀሳቀሰውን ነገር እንደ እናት ትይዛለች፣ ከዚያም ያንኑ ትከተላለች፤ እርሱን ራሱን እየተከተሉ ያደጉ ዝይዎች ነበሩት። በ1973 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በእንስሳት ባሕርይ ላይ ባደረገው ምርምር ነው። የልጅዎ ጫጩት ሰውን እናት ብላ ካደገች ከዝይዎች ጋር መኖር ይቸግራታል፣ በመስኩም ላይ ከውሻና ከቀበሮ መሸሽን የሚያስተምራት አይኖርም።

ዳቦውንና ወተቱን አሁኑኑ ያቁሙ፤ ሆዷ ለሣር የተፈጠረ ነው። በጨርቅ ጠቅልለው፣ በካርቶን ውስጥ አድርገው፣ ሙቀት ሳታጣ ይውሰዷት። ቤተሰቡን ከሩቅ ካዩት በኋላ በእነርሱና በውኃው መካከል ሣር ላይ አስቀምጧት፣ እናንተም ፈጥናችሁ ራቁ። ትጮኻለች፤ ወላጆቿ ድምፅዋን ሲሰሙ ይመጣሉ። ልጅዎ ፎቶ ማንሣት የሚወድ ከሆነ የዚያን ጊዜውን መገናኘት ከሩቅ ያንሣው። ወላጆቿ ካልተገኙ ግን ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ወዳሉት ሌላ ቤተሰብ አቅራቢያ መውሰድ ብቻዋን ከመተው ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ ገበሬ ነኝ፣ ከባሶና ወራና። ለፎቶ የሚመጡት ሰዎች ለከብት የከለልነውን ሣር ሳያስፈቅዱ ይረግጡታል፤ ልጆቻችንንም ገንዘብ እየሰጡ ዝይዎቹን አስነሡልን ይሏቸዋል። ይህን ለምን አትጽፉም?

መልስ፦ ጌታዬ፣ እንጽፋለን፤ ቀድመን መጻፍ ነበረብን። ሲበሩ ለማንሣት ተብሎ ልጆችን ገንዘብ ሰጥቶ ዝይ ማስነሣት በጫጩቶቹም በልጆቹም ላይ የሚፈጸም በደል ነው። ዝይዎቹ ሲነሡ ጫጩቶቹ በየሣሩ ይበተናሉ፣ አንዳንዶቹም ሳይገኙ ይቀራሉ፤ ምናልባት የጫጫዋ ጫጩት ብቻዋን የቀረችው እንዲህ ባለ ምክንያት ይሆናል። ልጁም በየቀኑ አብሯት የሚውላትን ወፍ ማባረር ሥራ መሆኑን ይማራል።

ሣሩ ባለቤት እንዳለው ፎቶ አንሺው ሁሉ ይወቅ። ዝይዎቹ እስከ ዛሬ የቆዩትም ሣሩን የሚከልል ሰው ስላለ ነው። በመንዝ የጓሳ ምድር፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በዚያ ሰፊ የሣር መስክ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንብ አባ ቄራ የሚባሉ አለቆች እየተመረጡ ሣሩን ለዓመታት ሲዘጉና ሲከፍቱ ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞት፣ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ፣ ጅብራና ጓሳ ሣር፣ ባለ ሰማያዊ ክንፏም ዝይ በዚያ ይኖራሉ። በሌላ ቦታ ደግሞ ጨፌው በቦይ ውኃው ተመጥጦ ሲታረስ፣ ዳርቻው ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ዝይዋ ዞራ የምትገባበት አጥታ ትሄዳለች። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እኔ በወጣትነቴ ዝይ ካነሣሁባቸው መስኮች ሁለቱ አሁን ገብስ የሚዘራባቸው ናቸው። ገበሬውን አልወቅስም፤ መሬት ጠብቦታል። ነገር ግን ጨፌውን ሳያርስ ለሣር ያቆየ ገበሬ ለዝይዋ ከማንኛውም ፎቶ አንሺ ይበልጥ ውለታ ውሏል።

ስለዚህ ለፎቶ የምትሄዱ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ ቀበሌውን አስፈቅዱ፤ በአካባቢው ካለው የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ ረጅም ሌንስ ይዞ በመስክ የተኛ እንግዳ ሰውን ያሠጋልና መታወቂያችሁን ከእናንተ አትለዩ፣ የመንገዱንም ሁኔታ ሳትጠይቁ አትነሡ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው፤ ቢፈቀድ እንኳ ለዝይ ከአናቷ ላይ የሚያንዣብብ ሁሉ ንስር ነው። መስኩ ላይ ስትደርሱ ባለ መሬቱን ወይም እረኛውን ፈልጋችሁ ሰላም በሉ፣ በየት በኩል መግባት እንደሚሻል ጠይቁ። እረኛው ቤተሰቡ በስንት ሰዓት ከውኃ እንደሚወጣና ስንት ጫጩት እንደቀረው ከእኔም ከእናንተም ይልቅ ያውቃል። ገንዘብ መስጠት ከፈለጋችሁ ስለ ጠቆማችሁ ስጡት፤ በሚቀጥለው ጉዞአችሁም እርሱንና በጎቹን ያነሣችሁበትን ፎቶ አሳትማችሁ ውሰዱለት።